የደርሶ መልሱ ሜዳ ምርቃት

ጎልፍ የሚባለውን ጨዋታ ሥራው ላይ እስክቀጠር ድረስ በቴሌቪዥን እንኳን አይቼው አላውቅም ነበር። እኛ አገር ኳስ በዱላ መምታት ማለት ገና ነው፤ ሩሯ ስትጠለዝ ሰው ይሯሯጣል፣ ይጮሃል፣ ቅልጥም ለቅልጥም ይማታል፣ ደግሞም አይቀያየምም። ጎልፍ ግን ዝምታ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ አንዲት ነጭ ኳስ ይመታል፤ ሌላው ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ያያል። ዛሬ የማጫውታችሁ ነገር የደረሰብኝ በዚያ ዝምታ መሃል ነው። የምታምኑትን ያህል እመኑኝ። እኔ ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ እናገራለሁ።

ስሜ ጌታሰው ይባላል። ትውልዴ ከቁይ ከተማ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው። ግብርና ኮሌጅ ገብቼ ስለ ሣርና ስለ ከብት መኖ ተምሬአለሁ። ይህ ትምህርት የጎልፍ እንጀራ ያበላኛል ብሎ የገመተ አልነበረም። ወይዘሮ ትርንጎ የሚባሉ የአገራችን ሴት ብዙ ዘመን ናይሮቢ ነግደው ኖረው ተመለሱና ከደብረ ማርቆስ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ሣር አምባ ከሚባለው ሜዳ ዳር፣ የእንግዳ ማረፊያ ሠሩ። «ይህ ብርድና ይህ ሣር ሌላ አገር ቢሆን ሰው ይሻማበት ነበር» ይሉ ነበር። ሜዳውን የሚነድፍላቸው ኪማኒ የሚባል ኬንያዊ አመጡ፤ ሣሩን የሚንከባከብ ደግሞ እኔን ቀጠሩ።

ኪማኒ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያስብ ጆሮውን የሚጎትት ሰው ነው። ሜዳውን ቀኑን ሙሉ ሲዞረው ሰንብቶ አንድ ቀን፣ «መሬቱ ጠባብ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ እንጠቀምበታለን» አለን። ሐሳቡ እንዲህ ነበር፦ አንድ ቀን ከማረፊያው ተነስተው በቀኝ ዞረው በግራ ይመለሳሉ፤ በሌላው ቀን በግራ ሄደው በቀኝ ይመለሳሉ። ያው ሣር፣ ያው ኳሷ የምትገባበት ጉድጓድ፣ ያው ጉድጓዱን የሚያመለክት ባንዲራ። ግን ፊቱን ሲያዞር ሌላ ሜዳ ይሆናል። ቀላል የነበረው ይከብዳል፣ ዳገቱ ቁልቁለት ይሆናል፣ ከኋላው የምታውቀው ዛፍ ከፊት ሲመጣ እንግዳ ይሆንብሃል። የመንደሩ ሰው «ደርሶ መልስ» ብሎ ስም አወጣለት። ስሙም ጸደቀ።

ወደ ምርቃቱ ቀን ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ያለዚያ የደረሰብኝ ነገር አይገባችሁም።

ሥራው ላይ ከመቀጠሬ በፊት በነበረው ክረምት ባለቤቴ እናኑ በምጥ ሞታብኛለች። የመጀመሪያ ልጃችን ነበር። ምጡ ሲጠናባት ከመንደራችን አስፋልት እናድርሳት ብለን በቃሬዛ ተሸከምናት። ጉም ነበር፤ እጅን ዘርግቶ ጣትን የማያሳይ ጉም። እኔ ከኋላ በግራ በኩል ይዤ ነበር። ስታቃስት ቆየችና ዝም አለች። ተኛች ብዬ ደስ አለኝ። ዕረፍት አገኘች ብዬ ኮቴዬን ሳይቀር አለዘብኩላት። ከፊት የያዙት ቆሙ። አንዱ ዞር ብሎ አያት፤ ከዚያ ጋቢውን ወደ ፊቷ ሳበው። የመጣንበትን መንገድ ተመለስን።

ከዚያ ወዲህ ስሟን አልጠራም ነበር። ወደ ቁይም አልሄድም። ጉም ሲወርድ ቤት ዘግቼ እቀመጣለሁ፤ ሰው ሲጠይቀኝ ብርድ ያመኛል እላለሁ። ሣር አምባን የወደድኩት ገላጣ ስለሆነ ነው። ከዳር እስከ ዳር ይታያል፤ ሳይታይ የሚመጣ ነገር የለም ብዬ ነው።

ከሜዳው በስተግራ ጫፍ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አለች። ከመንደሩ ተነስቶ ሜዳውን ዳር ዳሩን ይዞ ወደ እሷ የሚወጣ አሮጌ መንገድ አለ። ሣሩን ስንዘራ አንድ ቀን መሪጌታ ጥበቡ፣ የቅኔ መምህሩ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው መጥተው ቆሙ።

«ጌታሰው፣ ይህ ነጭ ኳስ በዚህ መንገድ ላይ ይሄዳል አሉ?»

«አዎ መሪጌታ። መንገዱን አንዘጋም፤ ሰው እንደ ልቡ ያልፋል።»

«ማለፉንስ ይለፍ። ይህ መንገድ የአስከሬን መንገድ ነው። ሰው በሕይወቱ ወደ አስፋልት ሲሄድ በላይ በጉብታው ነው የሚሄደው። በዚህ የሚወሰደው አንዴ ነው። ቀባሪው እንኳን ሲመለስ በላይ ዞሮ ይመለሳል እንጂ በዚህ አይመለስም። እናንተ ደግሞ መልስ አለው አላችሁ።»

«ጨዋታ ነው እኮ መሪጌታ።»

«አውቃለሁ። መልስ ካለው ግን ጥያቄም ይኖረዋል ብዬ ነው» አሉና ፈገግ ብለው ሄዱ። ቅኔ አዋቂ እንዲህ ነው፤ ይቀልድብህ ይምከርህ አታውቅም። እኔም በልቤ ይዤው ቀረሁ።

የምርቃቱ ቀን ጥቅምት መግቢያ ላይ ዋለ። ዝናቡ ገና ጨርሶ አልወጣም ነበር፤ ጠዋቱ ግን እንደ መስተዋት ጠራ። ድንኳን ተተክሏል። እንግዶች ከባሕር ዳር፣ ከማርቆስ፣ ጥቂት ደግሞ ከናይሮቢ መጥተዋል። የአገር ሽማግሌዎች መረቁ፤ ወይዘሮ ትርንጎ ጥለቱ ወርቃማ የሆነ ቀሚስ ለብሰው ሪባኑን ቆረጡ። የመጀመሪያዋን ኳስ የመቱትም እሳቸው ናቸው። የሳቷት መስሎ ነበር፤ ኳሷ ግን እንደ ዋኔ ወፍ ተነስታ ሄደች። ሕዝቡ እልል አለ። ኪማኒ «እዚህ እልል አይባልም» ሊል አፉን ከፈተና ተወው።

ጠዋት በቀኙ ዞርን። በመንደሩ በኩል ወርደን፣ በአሮጌው መንገድ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ወጥተን፣ ወደ ማረፊያው ተመለስን። ሁሉም መልካም ሆነ። ከምሳ በኋላ ጥቂቶቹ እንግዶች የሜዳውን ሌላ ፊት ማየት ፈለጉ። ዋናው ነገር እሱ ነው፤ ለዚያ ነው የመጡት። ወይዘሮ ትርንጎ ወንበርና መጠጥ የጫነችውን ፒክ አፕ ራሳቸው እየነዱ ከኋላ ተከተሉ። ኪማኒ ከፊት፣ እኔ ከጎኑ፣ እንግዶቹ በመሃል ሆነን በግራው ጀመርን።

እኔ ያንን ሜዳ በመዳፌ የማውቀው ነኝ። እያንዳንዱን ጉብታ ተንበርክኬ ሣር አልብሼዋለሁ። ግን በተቃራኒው በሄድን ቁጥር አንድ ነገር ያቅበጠብጠኝ ጀመር። ዋርካው ከቦታው የተነሳ መሰለኝ። ድንጋዩ ፊት አወጣ። ጠዋት ከኋላዬ የነበረው ሁሉ አሁን ፊት ለፊቴ ቆሞ ያየኛል። ኪማኒን «ሜዳው ተቀየረ» አልኩት። «ለዚያ ነው የሠራሁት!» ብሎ በደስታ ትከሻዬን መታኝ።

ቤተ ክርስቲያኗ ጋ ደርሰን ስንዞር ጉሙ መጣ።

ከጮቄ ተራራ በኩል ነው የመጣው። እንደሚሮጥ ነገር አልነበረም፤ ተቀምጦ እንደሚነሳ ሰው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ የወፉ ድምፅ ቆመ። ከዚያ የቤተ ክርስቲያኗ ጉልላት ጠፋ። ከዚያ ዛፎቹ አንድ በአንድ ሄዱ። ቀን ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ግን ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ልመለስ ብዬ ምክንያት ስፈልግ ኪማኒ እንግዶቹን፣ «እዚህ ይቺን ብቻ እንምታና እንመለስ። ባንዲራው አሁንም ይታያል» አላቸው።

እውነትም ከታች፣ በአሮጌው መንገድ አቅጣጫ፣ ቀዩ ባንዲራ በስሱ ይታይ ነበር። ኪማኒ ዱላውን አነሳ። አነሳና ዝቅ አደረገው።

«ጌታ» አለኝ፤ ስሜን እንዲህ ነው የሚያሳጥረው። «ያ ሰውዬ ይነሳልኝ።»

«የቱ ሰውዬ?»

ሁላችንም አየነው። ከባንዲራው ወዲህ፣ መንገዱ ላይ፣ ነጭ የለበሰ ሽማግሌ ቆሟል። ቀኝ እጁን ከፍ አድርጓል፤ መኪና እንደሚያስቆም ሰው። አይንቀሳቀስም። ከእንግዶቹ አንዷ «ቄስ ናቸው መሰለኝ» አለች። ኪማኒ ጮክ ብሎ ተጣራ፤ ሰውዬው እጁን አላወረደም። ኳስ ሰው ካለበት አይመታም። ያንን ሰው ማስነሳት ደግሞ የእኔ ሥራ ነው።

ሄድኩ።

እየቀረብኩ ስሄድ ይርቃል። ጀርባውን ሳይሰጠኝ፣ ፊቱ ወደ እኔ እንደሆነ፣ ወደ ኋላ። እግሩ ሣሩ ላይ ሲያርፍ አልሰማሁም። «አባባ፣ እባክዎን ወደ ዳር ይበሉልን» አልኩ። ዞር ብዬ ሳይ እንግዶቹ ጠፍተዋል፤ ጉሙ ከኋላዬ ገጥሟል። የጮህኩት ድምፅ እንኳን አፌ አጠገብ ይወድቃል።

«ጌታሰው።»

ስሜ ነው። በቀስታ፣ በሚያውቀኝ ሰው ድምፅ። አያቴ በልጅነቴ ያስጠነቀቀችኝ ነገር ነበር፦ በጉም ውስጥ ስምህ ሲጠራ ሦስተኛውን ሳትሰማ አቤት አትበል፤ ክፉ ነገር ሦስት ጊዜ መጥራት አይሆንለትም። ተምሬአለሁ ያልኩት ሰውዬ በዚያች ቅጽበት የአያቴ ልጅ ሆኜ ከንፈሬን ነከስኩ።

«ጌታሰው።»

መሮጥ እፈልጋለሁ፤ ወዴት እንደምሮጥ አላውቅም።

«ጌታሰው!»

«አቤት» አልኩ። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም።

ሰውዬው እጁን አወረደ። ወደ ጎን አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለ፤ ጉሙም ሸፈነው። በቆመበት ቦታ በኩል ታዲያ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ብዙ ኮቴ፣ እኩል የሚረግጥ፣ ከብዶት የሚተነፍስ። ኮቴ ብቻ። ለቅሶ የለም፣ ወሬ የለም።

ከዚያ ቃሬዛው ወጣ።

አራት ሰዎች ተሸክመዋል። ከላይ ጋቢ ተሸፍኗል፤ ፊቱም ጭምር። መንገዱ የአስከሬን መንገድ ነው። አካሄዳቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው። ማን ሞተ ልል ስል ከኋላ በግራ በኩል የያዘውን ሰው አየሁት። አንገቱን ያዘነበለበት፣ ከንፈሩን የነከሰበት፣ ኮቴውን የሚያለዝብበት ሁኔታ የእኔ ነበር። ልንገራችሁ፦ ለጥቂት ጊዜ እኔ ነኝ ብዬ አምኜ ነበር። ያ ክረምት ፊቱን አዙሮ፣ በተቃራኒው መንገድ፣ ወደ እኔ እየመጣ ነው አልኩ። ጋቢው ስር ያለችው እሷ ናት። አሁን አጠገቤ ይደርሳሉ፣ አሁን አያታለሁ።

መሸሽ እችል ነበር። ጉሙ ይበቃኛል፤ ሁለት እርምጃ ወደ ዳር ብል ሳያዩኝ ያልፋሉ። እግሬ እንኳን ዞሮ ነበር። ያስቆመኝ ምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ምናልባት ያኔ፣ ተኛች ብዬ ደስ ያለኝ ጊዜ፣ ጎንበስ ብዬ ፊቷን አለማየቴ ይሆናል።

ወደ ቃሬዛው ሄጄ ጋቢውን ገለጥኩት።

የማላውቃት ወጣት ሴት ናት። ፊቷ አመድ መስሏል። ዓይኖቿ ግን ክፍት ናቸው፤ እያዩኝ ነው።

«በረደኝ፤ አልብሰኝ» አለችኝ።

ጮህኩ። ደስታ ይሁን ድንጋጤ አላውቅም፤ ብቻ «በሕይወት ናት! በሕይወት ናት!» እያልኩ ጮህኩ። ከኋላ በግራ የያዘው ሰው፣ እኔን የመሰለኝ፣ ክፉኛ ደንግጦ፣ «አዎ እንጂ! ምን ሆነሃል? ምጥ ላይ ናት፤ ከትናንት ጀምሮ ነው። ፊቷን የሸፈንናት ለጉሙ ነው» አለኝ። ምንይችል ይባላል፤ ባሏ ነው። እሷ ውባለም ትባላለች። የመኪና ያለህ እያሉ ከታችኛው መንደር የመጡ ናቸው። ስልክ እምቢ ብሏል፤ አምቡላንሷ ሌላ ቀበሌ ሄዳለች። በጉብታው በኩል ወደ አስፋልት ሲወጡ በጉሙ መንገድ ስተዋል።

«መኪናው የታለ?» አለኝ ምንይችል። ፒክ አፕ እንዳለን ያውቅ ይመስል ነበር። ያኔ አላስተዋልኩትም።

እየጮህኩ ሮጥኩ። ወይዘሮ ትርንጎ ድምፄን ተከትለው መብራት አብርተው መጡ፤ ኪማኒም አብሯቸው ነበር። ከመኪናዋ ወርደው ቃሬዛውን አዩ። «ወንበሩን ጣሉት! መጠጡንም ጣሉት!» አሉና ራሳቸው ሳጥኑን ገፍተው ሣሩ ላይ አፈሰሱት። ውባለምን ጫንን። እኔና ምንይችል ከኋላ አብረናት ወጣን።

«በየት በኩል ነው አስፋልቱ?» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ መሪውን ይዘው። ነጭ ግድግዳ ነው፤ ምንም አይታይም።

አቋራጩ በሜዳው መሃል ነው። መሃሉ ላይ ደግሞ በአንዱ ጉድጓድ ዙሪያ ያለው ዋናው ሣር አለ፤ ኪማኒ በመቀስ እስከ ማስተካከል ደርሶ ያሳደገው፣ እኔን እንኳን ጫማዬን አስወልቆ የሚያስገባኝ ለምለም ምንጣፍ። ለመናገር ፈራሁ። ኪማኒ ግን ጥያቄው ገብቶታል። ባንዲራውን ከጉድጓዱ ነቅሎ ከመኪናዋ ፊት ቆመና በእጁ ተከተሉኝ አለ።

ያንን ነገር እስክሞት አልረሳውም። ረጅሙ ሰውዬ ቀዩን ጨርቅ ከፍ አድርጎ ከፊት በሩጫ ይሄዳል፤ መኪናዋ በመብራቷ እሱን ብቻ እያየች ትከተለዋለች። ጎማው ለምለሙን ሣር ሲገምሰው ይሰማኛል። አንድም ጊዜ ዞሮ አላየም።

ውባለም ዓይኗን ጨፈነች።

«ውባለም!» አልኳት። «አትተኚ።»

«ደከመኝ።»

«አውቃለሁ። ግን አውሪኝ። እናትሽ ማን ይባላሉ?»

«ጥሩወርቅ።»

«ምን ዓይነት ሴት ናቸው? ይቆጣሉ?»

«ይቆጣሉ።»

«በምን ይቆጣሉ?»

ዝም አለች። የእናኑ ዝምታ ነው፤ አውቀዋለሁ፤ ድምፁን አውቀዋለሁ። እጇን ይዤ አወዛወዝኳት። «ውባለም! በምን ይቆጣሉ?» አልኩ እየጮህኩ።

አንድ ዓይኗን ገለጠች። «ምንይችል፣ ይህን ሰውዬ ዝም አሰኘው» አለች።

ምንይችል እንባውን እየጠረገ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። «ዝም አልልም። ስደቢኝ። ሆስፒታል እስክንደርስ ስደቢኝ» አልኳት። ሰደበችኝም። በምጡ መሃል የመጣላትን ሁሉ ሰደበችኝ፤ የእኛ አገር ሴት ደግሞ ስድብ ታውቅበታለች። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ጉሙ እንደ መጋረጃ ከኋላችን ቀረ። ኪማኒ ባንዲራውን ይዞ ዳር ላይ ቆሞ ሲቀር አየሁት።

ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተቀብለው ወዲያው ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቧት። እኛ ኮሪደሩ ላይ ቀረን። ወይዘሮ ትርንጎ ያ ወርቃማ ጥለታቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ሆኖ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ምንይችል ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ ብሏል። ወደ እኔ ዞሮ፣ «እግዜር ይስጥህ፤ ያንን ሽማግሌ ባትልክልን ኖሮ ገደል ገብተን ነበር» አለኝ።

«የቱን ሽማግሌ?»

«ነጭ የለበሰውን። ጉብታው ላይ መንገድ ስተን ስንዞር መጣና ተከተሉኝ አለን። በአስከሬን መንገድ ሊወስደን ሲል እምቢ አልን፤ ሟርት ነው አልነው። ‹ከታች መኪና አለ፤ ጌታሰው አለላችሁ፤ ይህን መንገድ እሱ ያውቀዋል› አለን። ከዚያ ከፊት ከፊታችን ሄደ። አንተን ስናይህ የት እንደገባ አላየሁም።»

«እኔ ማንንም አልላክሁም» አልኩት።

በሩ ተከፈተና ነርሷ «የውባለም ሰዎች!» ብላ ተጣራች። ከእኛ ቀድመው ወይዘሮ ትርንጎ ሄዱ። ነርሷ ፈገግ ስትል ከሩቅ አየሁ።

«ሴት ልጅ ናት» አሉ ተመልሰው።

«እሷስ?» አለ ምንይችል። «እሷስ?»

«እሷም ደህና ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው።»

ምንይችል ወለሉ ላይ ተደፋ። እኔ ወደ ግቢው ወጥቼ ከእናኑ ቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ፤ ድምፅ አውጥቼ፣ ሰው እያየኝ።

በማግስቱ ስለ ሽማግሌው ያልጠየቅነው ሰው የለም። ኪማኒ አይቶታል፤ እንግዶቹም አይተውታል፤ ሦስቱ ተሸካሚዎችም ከኋላው ተከትለውታል። ከቤተ ክርስቲያኗ አገልጋዮች አንዳቸውም በዚያ ሰዓት ሜዳ አልወጡም። ከመንደሩም የጠፋ ወይም የመጣ ሽማግሌ የለም። የእግሩን ዱካ ልይ ብዬ ወደ መንገዱ ሄጄ ነበር፤ የመንደሩ በጎች ቀድመውኝ አልፈው ጭቃውን አቡክተውታል። እንግዲህ መንገደኛ ነበር ልበል? ከመንገደኛ መሃል ስሜን የሚያውቅ አይጠፋ ይሆናል። ግን «ይህን መንገድ እሱ ያውቀዋል» የሚለውን ምን ላድርገው? በዚያ መንገድ ማንንም ተሸክሜ አላውቅም። እኔ የማውቀው ሌላውን ነው፤ የቁዩን። ያንን ደግሞ ሣር አምባ ላይ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ለመሪጌታ ጥበቡ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«መሪጌታ፣ በዚያ መንገድ መመለስ አይገባም ብለውኝ ነበር።»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ሽማግሌው ማን ነበር ይላሉ?»

«እኔ እንጃ። አቤት ብለኸው የለም? እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?» አሉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በዚያ መንገድ ብዙ ሰው ሸኝቻለሁ፤ ተሸክመው ወስደውት በሕይወት የተመለሰ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ለዚህ ቅኔ የለኝም።»

እናንተም አንባቢዎቼ መልሱን ከእኔ አትጠብቁ። ወይዘሮ ትርንጎ ሠርግ ይኑር ምርቃት ፒክ አፗ ነዳጅ ሞልታ በር ላይ እንድትቆም አዘዋል፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት እናቶችን አድርሳለች። ኪማኒ የተገመሰውን ሣር አብሮኝ ሲደፍን አንድም ቀን ምሬት አልሰማሁበትም። እኔም አሁን ጉም ሲወርድ ቤት አልዘጋም። አልፈራም ማለቴ አይደለም፤ እፈራለሁ። ፈርቼ እወጣለሁ። ምናልባት ከእናንተም መሃል እንደ እኔ አንድ ያልተገለጠ ጋቢ ይዞ የሚኖር ይኖራል። ግለጡት ብዬ አልሰብክም፤ ጊዜው ሲደርስ ግን መጥሪያው ይመጣል። አቤት በሉ።

ለእኔ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ሚኒባስ ተሳፍሬ ቁይ ሄድኩ። የእናኑ እናት ደጃፍ ላይ ገብስ ያሰጡ ነበር። ሲያዩኝ እጃቸው ገብሱ ውስጥ ቀረ። ከቀብሩ ወዲህ ዓይን ለዓይን አልተያየንም ነበር። እሳቸውም በቃሬዛው ቀን አብረውን አልነበሩም፤ ልጃቸውን ሲሸኙ በሕይወት ነበረች፣ ስትመለስ ተሸፍና ነው የተቀበሏት። መሃል ላይ የሆነውን ሊነግራቸው የሚገባው እኔ ነበርኩ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እናኑ…» አልኩ። ስሟ አፌ ውስጥ አዲስ ሆነብኝ። «እናኑ መንገድ ላይ…»

«ብርድ አግኝቷት ነበር?» አሉኝ ሳልጨርስ። ይህን ጥያቄ ስንት ቀን እንደያዙት ከአፋቸው አወጣጡ ይታወቃል።

«የለም እማማ። የእኔን ጋቢ ደርቤላት ነበር። ሁለቱንም ለብሳ ነበር።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኔ ፈቀቅ አሉና ገብስ ያለበትን እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ።

«በል አሁን ሌላውን ንገረኝ» አሉ። «ከመጀመሪያው ጀምረህ።»